«በወር ስንት?» የምትለዋን ጥያቄ እንተዋት

የዛሬው ጽሑፌ ረጅም ነው፣ ትንሽ ቁጣም አለበት። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት። የሚቀየመኝ ካለ ከወዲሁ ይቅርታ፤ ግን የጻፍኩትን አላነሳም።

ያለፈው ቅዳሜ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ቤቴ መጣ። አዲስ አበባ ዘጠነኛ ክፍል ሒሳብ ያስተማርኩት ልጅ ነው፤ ዛሬ እዚህ ቨርጂኒያ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። በር ላይ ቆሞ ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ፣ «ቲቸር፣ ይውጡና ይዩልኝ!» አለኝ። ወጣሁ። የሚያምር መኪና ነው፤ የወንበሩ ላስቲክ ገና አልተነሳም። ዙሪያውን ዞርኩና መረቅኩለት፤ «በደህና ንዳው፣ ከክፉ ይጠብቅህ» አልኩት። ከዚያ ጠየቅኩት።

«በስንት ገዛኸው?»

«በወር 562 ብቻ!»

«እሱን አልጠየቅኩህም። መኪናው ስንት ነው?»

ዝም አለ። ያቺን ዝምታ አውቃታለሁ። ሰሌዳ ፊት አቁሜው የቤት ሥራውን ስጠይቀው የሚያሳየኝ ዝምታ ናት። «ሠላሳ ምናምን መሰለኝ» አለ በመጨረሻ። አስቡት፤ ከቤት ቀጥሎ በሕይወቱ ትልቁን ግዢ ፈጽሟል፣ ዋጋውን ግን አያውቀውም።

ወረቀቱን ከመኪናው ኪስ አውጥቶ ሰጠኝ፤ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አብረን አነበብነው። ፈቅዶልኝ ነው ቁጥሩን የምጽፈው። መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ዋጋ 31,400 ዶላር ነበር። «ለአንተ ብለን» ተብሎ 500 ዶላር ተቀንሶለታል፤ ሆነ 30,900። ከዚያ የተራዘመ ዋስትና 2,995፣ ጋፕ ኢንሹራንስ 895፣ የቀለም መከላከያ 799፣ የዲለሩ የወረቀት ሥራ 899 ተጨመረ። ታክስና ታርጋ 1,452። ድምሩ 37,940። ዳውን ፔይመንት 4,000 ከፈለ። የቀረውን 33,940 በ9.9 በመቶ ወለድ ለ84 ወር ተበደረ። ሰባት ዓመት ማለት ነው! ትንሿ ልጁ ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ናት፤ ዕዳው ሲያልቅ መካከለኛ ደረጃ ትደርሳለች።

562ን በ84 ስናባዛው ከ47,000 ዶላር ይበልጣል። ዳውን ፔይመንቱ ሲደመርበት ከ51,000 በላይ። መስታወቱ ላይ 31,400 ለተጻፈበት መኪና!

እኔን ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መኪናው የአምና ሞዴል ነበር። ወሩ ኅዳር ነው፤ የሚመጣው ዓመት ሞዴል ግቢው ውስጥ ተደርድሯል። የሾፌሩን በር ከፍቼ ጠርዙ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አየሁት፤ እዚያ ላይ መኪናው የተሠራበት ወርና ዓመት ይጻፋል። ጥር ይላል። ይህ መኪና ለወራት ፀሐይና ዝናብ ሲመታው፣ ገዢ ሲያልፈው የከረመ መኪና ነው። ዲለሩ ከግቢው ውስጥ ከምንም በላይ እንዲሄድለት የሚፈልገው ዕቃ ይኼ ነበር። ልጄ ደግሞ ሄዶ፣ ከሙሉ ዋጋ ላይ 500 ብቻ አስቀንሶ፣ አመስግኖ፣ እጅ ጨብጦ፣ ፎቶ ተነስቶ መጣ።

ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አይቼው ነበር። «እንኳን ደስ አለህ»፣ «ይገባሃል»፣ «የእኛ ጀግና» የሚል ኮሜንት ተደርድሯል። ከመካከላችን «በስንት ገዛኸው?» ያለ አንድ ሰው የለም። እኔም አላልኩም። እኔም «እንኳን ደስ አለህ» ብዬ ነው ያለፍኩት። ስለዚህ ቁጣዬ በመጀመሪያ በራሴ ላይ ነው፣ ቀጥሎ በሁላችንም ላይ።

እናቴን ላስታውሳችሁ። ለፋሲካ ዶሮ ልትገዛ ስትወጣ አብሬያት እሄድ ነበር። ዶሮውን ታነሳዋለች፣ ደረቱን በጣቷ ትዳብሰዋለች፣ በእጇ ትመዝነዋለች፣ ፊቷን ታኮሳትራለች። ሻጩ ዋጋ ይጠራል። እሷ ግማሹን ትጠራለች። ሻጩ ይምላል። እሷ ዶሮውን አስቀምጣ ትሄዳለች። ሦስት እርምጃ፣ አራት እርምጃ... «ነይ እንጂ እናቴ፣ ምን አስቸኮለሽ!» ይላታል። ሁልጊዜ ይጠራታል። ያቺ ሴት ትምህርት ቤት ደጃፍ አልደረሰችም። ግን ስለ ንግድ ማወቅ ያለባትን ሁሉ ታውቅ ነበር፤ ዕቃውን ራሷ ትመረምራለች፣ የሌላውን ሻጭ ዋጋ ቀድማ ጠይቃለች፣ ትታ መሄድ ትችላለች።

እኛ የእሷ ልጆች ዲግሪ ይዘን ባሕር ተሻገርን። መርካቶ ለአንድ ካልሲ ግማሽ ሰዓት የሚከራከር ሰው እዚህ አገር 31,000 ዶላር ፊት ሲቀመጥ አንገቱን ይደፋል። ለምን? ይሉኝታ ነዋ! «እንግሊዝኛዬን ይስቁበት ይሆን?» «ገንዘብ የለውም ይሉኝ ይሆን?» «ሰውየው ሦስት ሰዓት ሙሉ ደከመልኝ፣ ቡና ጋበዘኝ፣ አሁን ጥዬው ብሄድ ነውር አይደለም?» አይደለም! ሦስት ሰዓት ያስቀመጠህ እንዲህ እንድታስብ ነው። ቡናውም ከራስህ ኪስ የሚታሰብ ነው።

አንዳንዱ ደግሞ መስታወቱ ላይ ያለውን ዋጋ እንደ ሱፐርማርኬት ዋጋ ያየዋል። ያ ወረቀት እዚያ የተለጠፈው እ.ኤ.አ. በ1958 በወጣ ሕግ ነው፤ ሐሳቡን ባመነጩት በኦክላሆማው ሴናተር ማይክ ሞንሮኒ ስም ይጠራል። ሕጉ «የአምራቹ የመነሻ ዋጋ ይለጠፍ» ይላል። «በዚህ ዋጋ ይሸጥ» አይልም። ሕጉ የወጣው ገዢው እንዳይታለል ነው፤ እኛ ግን የመጨረሻ ቃል አደረግነው።

አሁን የአምና ሞዴል ለምን ለድርድር እንደሚመች ላስረዳ፤ መቼም አስተማሪነት አይለቅም።

ዲለሩ ግቢ ውስጥ የምታዩት መኪና አብዛኛው በብድር የመጣ ነው። ባንክ ወይም የአምራቹ የፋይናንስ ድርጅት ያበድረዋል፤ መኪናው እስኪሸጥ ድረስ ወለድ ይቆጥራል። እንበልና አንድ መኪና 30,000 ዶላር ብድር ቢኖርበትና ወለዱ በዓመት 7 በመቶ ቢሆን፣ በየወሩ 175 ዶላር ይበላል። የቆመ መኪና የሚበላ በሬ ነው፤ አያርስም፣ ድርቆሽ ግን ይጨርሳል። በዚያ ላይ አዲሱ ሞዴል በበጋው መጨረሻና በመከር ሲገባ ቦታ ይፈልጋል። አዲሱ አጠገቡ ቆሞ የአምናውን ማን በሙሉ ዋጋ ያየዋል? አምራቹም ይህን ስለሚያውቅ ለቆዩ ሞዴሎች ለዲለሩ የማበረታቻ ገንዘብ የሚሰጥበት ጊዜ አለ፤ ለገዢው ሳይነገር የሚቀርም አለው። ከዚህም ሌላ ብዙ አምራቾች ከመኪናው ዋጋ 2 ወይም 3 በመቶ የሚሆነውን ከሽያጭ በኋላ ለዲለሩ ይመልሳሉ። ስለዚህ ሻጩ ደረቱን እየመታ «በገዛሁበት ነው የሰጠሁህ» ሲላችሁ አታልቅሱለት።

ወር ሲያልቅ፣ ሩብ ዓመት ሲያልቅ፣ ከሁሉም በላይ ታኅሣሥ ሲያልቅ ደግሞ የሽያጭ ኮታ አለ። ኮታው ላይ ለመድረስ አንድ መኪና የጎደለው ዲለር በዚያች አንድ መኪና ላይ ቢከስርም በጉርሻው ያካክሰዋል። የእናቴ ዶሮ ሻጭ የፋሲካ ዋዜማ ማታ ላይ አንድ ዶሮ ሲቀረው እንዴት እንደሚለሳለስ አስታውሱ። ነገሩ ያው ነው።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጥቅም ይዘን እንዴት እንሸነፋለን? «በወር ስንት መክፈል ትፈልጋለህ?» በምትባል አንዲት ጥያቄ ነው። ጥያቄዋ አሳቢ ትመስላለች። ልክ «600 እችላለሁ» ስትሉ ድርድሩ አለቀ። ከዚያ በኋላ ዋጋውን፣ ወለዱን፣ ወሩን፣ የአሮጌ መኪናችሁን ግምት እንደ ሊጥ እያሹ 600 ላይ ያመጡታል። ወሩን ከ60 ወደ 84 ይለጥጡታል፤ የወሩ ክፍያ ይወርዳል፣ እናንተ ደስ ይላችኋል። «በሬ ሆይ ሳሩን አየህና፣ ገደሉን ሳታይ» ያሉት አባቶች ይኼን ቢያዩ ምን ባሉ?

ቀጥሎ ወደ ፋይናንስ ቢሮ ትገባላችሁ። ደክሟችኋል፣ ልጆች ይነጫነጫሉ፣ ቁልፉ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። እዚያ ያለው ሰው ሥራው ሁለተኛ ሽያጭ ነው። ዋስትና፣ ጋፕ፣ የቀለም መከላከያ፣ የጎማ መድን... «ይኼ እኮ በወር 12 ዶላር ብቻ ነው የሚጨምረው»። 12ን በ84 አባዙት፤ 1,008 ነው። ወለዱም ላይ ጨዋታ አለ። ባንኩ ለእናንተ 7.5 በመቶ ካጸደቀ፣ ዲለሩ 9.5 ብሎ ሊያስፈርማችሁ፣ ከልዩነቱም ድርሻውን ሊወስድ ይችላል። የተለመደ አሠራር ነው፤ ደግሞም ማንም አይነግራችሁም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ!

«ቲቸር፣ አንተ ብልጥ ስለሆንክ ነው» የምትሉኝ ካላችሁ፣ እንዳትሳሳቱ። እኔ በዚህ አገር የመጀመሪያ አዲስ መኪናዬን የገዛሁት እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ሒሳብ አስተማሪው፣ ለልጆች የወለድ ስሌት ሰሌዳ ላይ ስጽፍ የኖርኩት ሰውዬ፣ ወለዱን ሳልጠይቅ ፈርሜ ወጣሁ። ለምን? ሻጩ «ሰር» አለኝ። ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ጥበቃ ስሠራ ማንም «ሰር» ብሎኝ አያውቅም ነበር። በዚያች አንዲት ቃል ስንት ሺህ ዶላር እንደከፈልኩ ያሰላሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ለባለቤቴም የነገርኳት ይኼኔ ነው፣ ይኼን ጽሑፍ ስታነብ። ይቅር በይኝ።

እና እንደ እኔ የከፈለ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ እዚህ ግን ወርቁ የሚገባው ዲለሩ ኪስ ነው። እኔ 2006 ላይ የተሸወድኩትን ለተማሪዎቼ ብናገር ኖሮ ይህ ልጅ ቅዳሜ ዕለት ያን ወረቀት ባላመጣልኝ ነበር። ኀፍረታችንን ደብቀን ለልጆቻችን ጉድጓዱን አወረስናቸው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ቀለማችን። ይህን ሳልናገር ባልፍ እዋሻለሁ። ኢያን ኤይርስ እና ፒተር ሲግልማን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ያሳተሙት የታወቀ ጥናት አለ። ቺካጎ አካባቢ ነጭና ጥቁር፣ ወንድና ሴት ገዢዎችን አሠልጥነው፣ አንድ ዓይነት ንግግር አስጠንተው ወደ ዲለሮች ላኳቸው፤ ከ300 በላይ ድርድር። ለአንድ ዓይነት መኪና፣ አንድ ዓይነት ንግግር ለተናገረ ሰው፣ ለጥቁር ወንዶች የተሰጣቸው የመጨረሻ ዋጋ ለነጭ ወንዶች ከተሰጠው በአማካይ ከ1,000 ዶላር በላይ ይበልጥ ነበር። በ1991 የወጣው የኤይርስ የመጀመሪያ ጥናት ደግሞ ሌላ የሚገርም ነገር አገኘ። ገዢዎቹ ወደ ራሳቸው ዘርና ጾታ ሻጮች እየተመሩ ነበር፤ እነዚያ የራሳቸው ወገኖች ደግሞ የባሰ ዋጋ ነው የሰጧቸው!

ይህን የጻፍኩት «እዛ የእኛ ልጅ አለ፣ እሱ ጋ ሂድ» ለምትሉ ነው። የእኛ ልጅ ጥሩ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ቅን የሆኑ፣ «ይኼን አትፈርም» ብለው ያዳኑን አሉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን እሱም ደመወዙ ከኮሚሽን ነው፣ እሱም አለቃ አለው። በአማርኛ መሸወድ በእንግሊዝኛ ከመሸወድ አይሻልም። እንዲያውም ይብሳል፤ በአገር ልጅ ፊት ትቶ መሄድ የበለጠ ይከብዳላ።

መድኃኒቱስ? መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ሰውነታችሁን ከዚያ ወንበር አንሱት። በ2003 የወጣ ሌላ ጥናት፣ የስኮት ሞርተን፣ የዜተልማየርና የሲልቫ-ሪሶ፣ ዋጋ በኢንተርኔት ጠይቀው የገዙ ጥቁርና ሂስፓኒክ ገዢዎች ከነጮቹ ጋር የተቀራረበ ዋጋ መክፈላቸውን አሳይቷል። ኢሜይል ቀለም የለውም። አክሰንት የለውም። ይሉኝታም የለውም።

የማሳያችሁ ሰው አለችኝ። ሌላ የቀድሞ ተማሪዬ፣ ነርስ ናት፣ እሷም እዚሁ ቨርጂኒያ ነው ያለችው። በዚያው በኅዳር ወር ያንኑ ሞዴል፣ ያንኑ የአምና ዓመት፣ መስታወቱ ላይ ያው 31,400 የተጻፈበትን ገዛች። ከመሄዷ በፊት ክሬዲት ዩኒየኗ ሄዳ ብድሯን አስጸደቀች። ከዚያ ለአምስት ዲለሮች አንድ ዓይነት ኢሜይል ጻፈች፤ ሌሊት ሥራ ላይ፣ በእረፍቷ ሰዓት። ኢሜይሉ ይኼ ነበር፦ «በዚህ ቪን ቁጥር ያላችሁን የአምና ሞዴል በዚህ ሳምንት መግዛት እፈልጋለሁ። ታክስ፣ ታርጋና ማንኛውም ክፍያ ተጠቃሎ የመጨረሻ ዋጋውን በዝርዝር ላኩልኝ። ሌሎች ዲለሮችንም ጠይቄያለሁ።» በቃ፤ ስለ ወር ክፍያ አንድም ቃል የለም።

ሁለቱ «ነይና እንነጋገር» አሏት፤ ሰረዘቻቸው። ሦስቱ ዋጋ ላኩ። ዝቅተኛውን ለሌሎቹ ሁለቱ ላከችላቸው፤ አንዱ የበለጠ ቀነሰ። በመጨረሻ መኪናው በ28,400 ወጣላት። 3,000 ዶላር! የሄደችው ልትፈርም ብቻ ነው። ፋይናንስ ቢሮ ያለው ሰውዬ የቀለም መከላከያ ሲያነሳባት «ኢሜይሉ ላይ የለም» ብላው ቦርሳዋን አነሳች። ሦስት እርምጃ እንኳን አልተራመደችም፤ «እሺ፣ እሺ» አላት። እናቴ ብታያት ትስማት ነበር።

የእሷን ዋጋ ወስጄ በልጁ 4,000 ዳውን ፔይመንት አሰላሁት። የወረቀት ሥራው 899 እንዳለ ይሁን፣ ታክስና ታርጋውም ይታሰብ። ወለዱ 6.5 በመቶ፣ 60 ወር። ልጁ ከገዛ በኋላ ክሬዲት ዩኒየን ጠይቆ የነገሩት ወለድ ይኼው ነው፤ ክሬዲቱ ጥሩ ነበር። ወርኃዊው ስንት መጣ? 521 ዶላር። እሱ ከሚከፍለው ያነሰ፣ ለአምስት ዓመት ብቻ! ዳውን ፔይመንቱ ተደምሮ ጠቅላላ ወጪው ወደ 35,000። የእሱ ከ51,000 በላይ። ልዩነቱ ወደ 16,000 ዶላር ነው። ያን ቁጥር በእርሳስ ጽፌ ከሥሩ ሁለት መስመር ሳሰምርበት ልጁ ጭንቅላቱን ያዘ። «ቲቸር፣ ይኼ እኮ የእማዬ ቤት ጣራ ነበር» አለኝ። አገር ቤት የእናቱን ቤት ሊያሠራ ከዓመት ዓመት «ትንሽ ጠብቂኝ» እያላት ነው።

ለካ የምንነጋገረው ስለ መኪና አይደለም።

ተቃውሞ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ አንዳንዱን ከወዲሁ ልመልስ።

«የአምና ሞዴል ከገዛህ ምኑን አዲስ ሆነ? ሰው ምን ይላል?» ሰው ምንም አይልም፤ ሰው አያውቅም። የመኪና ሞዴል ዓመት የሚታወቀው ከቪን ቁጥሩ አሥረኛ ምልክት ነው፤ አር ከሆነ 2024፣ ኤስ ከሆነ 2025፣ ቲ ከሆነ 2026። ተዝካር ላይ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ቪን የሚያነብ ዘመድ ካላችሁ ችግሩ የመኪናው አይደለም።

«ስትሸጠው ግን ዋጋው ይወርዳል።» ይኼ እውነት ነው፤ ለዚህ ነው ቅናሹ ትርጉም ያለው መሆን ያለበት። የአምና ሞዴል ከግቢው በወጣበት ቀን በወረቀት የአንድ ዓመት መኪና ነው። በሁለት ሦስት ዓመት ልትሸጡት ከሆነ 500 ዶላር ቅናሽ ኪሳራ ነው፤ አዲሱን ሞዴል ብትገዙ ይሻላችሁ ይሆናል። አሥር ዓመት የምትነዱት ከሆነ ግን ያቺ አንድ ዓመት ከቁጥር አትገባም። ኡበር የምትሠሩ ወንድሞቼ ደግሞ ተጠንቀቁ፤ የዕድሜ ገደቡ የሚቆጠረው በሞዴል ዓመት ነው፣ በገዛችሁበት ቀን አይደለም። በከፍተኛው ደረጃ ለምትሠሩ ገደቡ ጠበቅ ያለ ስለሆነ አንድ ዓመት የአንድ ዓመት እንጀራ ነው፤ አስሉት። አዲሱ ሞዴል ሙሉ በሙሉ ተለውጦ ከሆነም የአሮጌው ቅናሽ ከፍ ማለት አለበት።

«አሁን መከራከር ቀርቷል፤ እኔ ስገዛ እንዲያውም ከመስታወቱ ዋጋ በላይ ነው ያስከፈሉኝ።» መቼ ገዛህ? 2021? 2022? ያኔ የቺፕ እጥረት ነበር፤ ግቢው ባዶ፣ ገዢው ተሰልፎ። ያ ዘመን ልዩ ነበር። ዛሬም አንዳንድ ተፈላጊ መኪና ላይ አይቀንሱም፤ እውነት ነው። እሱን ተዉትና የሚቀንሱበትን ፈልጉ። ግቢው በአምና ሞዴል ተሞልቶ እያያችሁ የድርቅ ዘመን ዋጋ አትክፈሉ።

«ሁለት ሥራ ነው የምሠራው፣ ጊዜ የለኝም።» እዚህ ላይ ነው የምቆጣው። ለ16,000 ዶላር ስንት ሰዓት ትሠራለህ? በሰዓት 20 ዶላር ብታገኝ 800 ሰዓት ነው፤ ታክሱ ሳይቆረጥ። አምስት ኢሜይል ለመጻፍ አንድ ሰዓት ይፈጃል። 800 ሰዓት ለመሥራት ጊዜ ያለው ሰው አንድ ሰዓት ለመጻፍ ጊዜ የለውም?

አንድ አደገኛ ወሬ ደግሞ አለ፤ «በሦስት ቀን ውስጥ መመለስ ትችላለህ» የሚባል። ብዙ ሰው ይህን አምኖ ነው ተዝናንቶ የሚፈርመው። የፌዴራሉ የሦስት ቀን ሕግ ቤታችሁ ድረስ መጥቶ ለሚሸጥላችሁና ለመሰለው ሽያጭ ነው፤ ዲለር ቤት ሄዳችሁ ለፈረማችሁት መኪና አይሠራም። ፈርማችሁ ከወጣችሁ መኪናው የእናንተ ነው። የወረቀት ሥራ ክፍያውንም «መንግሥት ነው ያወጣው» ብለው ይነግሯችኋል፤ አይደለም፣ የዲለሩ ነው። ካሊፎርኒያ 85 ዶላር ላይ ጣሪያ አበጅቶለታል፤ እዚህ ቨርጂኒያ ጣሪያ የለውም፣ የፈለጉትን ይጠይቃሉ። ላይቀንሱት ይችላሉ፤ እናንተ ግን ከመኪናው ዋጋ ላይ ያንኑ ያህል ማስቀነስ ትችላላችሁ።

ልጁን እንዲሁ አልሸኘሁትም። ሰኞ ዕለት አብረን ውሉን ይዘን ሄድን። የተራዘመ ዋስትናውና ጋፑ ውላቸው ላይ ሊሰረዙ እንደሚችሉ ተጽፏል፤ ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው፣ ግን የሚያነበው የለም። በጽሑፍ ሰረዛቸው፤ ገንዘቡ ወደ ብድሩ ይመለሳል። ብድሩን ደግሞ ወደ ክሬዲት ዩኒየኑ ለማዞር አመልክቷል። የመኪናው ዋጋና የቀለም መከላከያው ግን ሄዷል፤ እሱ አይመለስም። ይህን ሳነብለት አንገቱን ሲደፋ «ቀና በል፣ አንተ ብቻህን አይደለህም» አልኩት። ቀና አለና «ቲቸር፣ ይጻፉት፤ ሌላው ይማርበት» አለኝ። ይህ ጽሑፍ የእሱ ፈቃድ ነው። ከእኔ ይልቅ እሱ ነው ደፋሩ።

እኔ ሻጩን አልጠላም። የእናቴ ዶሮ ሻጭ ላይም ቂም የለኝም፤ እሱ ሥራው ነው። እኔ የምጠላው በእኛ መካከል ያለውን ጸጥታ ነው። ሰርግ ስንደግስ ስንት በግ እንደታረደ እንናገራለን። የቤት ኪራያችንን እንጠያየቃለን። «ደመወዝህ ስንት ነው?» ብሎ ገና በተዋወቅን በአምስት ደቂቃ የሚጠይቅ ሕዝብ ነን! መኪና ላይ ሲደርስ ግን ጨዋ እንሆናለን፤ ለዲለሩ የሚጠቅመው እዚያች ላይ ያለችው ጨዋነታችን ብቻ ናት።

ስለዚህ ጥያቄውን እንቀይር። ሰው አዲስ መኪና ሲገዛ «እንኳን ደስ አለህ» እንበል፤ ደስታ አይከለከልም። ቀጥለን «ሁሉም ተጠቃሎ በስንት? በስንት ወለድ? ለስንት ወር?» እንበል። የተሸወደውን አንሳቅበት። ጥሩ ዋጋ ያገኘውን ደግሞ አንደብቀው፤ ሻጩ ማን እንደሆነ፣ ስንት እንደቀነሰ ለሚቀጥለው ሰው እንንገር። አምስት ሰው እውነተኛ ዋጋውን ቢናገር ስድስተኛው አይሸወድም።

እኔ ልጀምር። አሁን የምነዳውን መኪና የገዛሁት የአምና ሞዴል ሆኖ፣ በታኅሣሥ መጨረሻ ሳምንት ነው። መስታወቱ ላይ 27,600 ይላል፤ 25,100 ከፈልኩ፣ ታክስና ታርጋው ለብቻው። ወለዱ 4.9፣ ለ48 ወር። ቀለሙን አልወደድኩትም፣ ቡናማ ነው፤ ሌላው ሁሉ ስላልወደደው ነው ርካሽ የሆነው። አሁን ለምጄዋለሁ።

ተራው የእናንተ ነው። ኮሜንት ላይ ጻፉት፤ የሚያፍር በውስጥ መስመር ይላክልኝ፣ ስሙን ሳልጠቅስ ቁጥሩን እለጥፋለሁ። የዓመቱ መጨረሻ ደርሷል፣ ግቢዎቹ በአምና ሞዴል ሞልተዋል፣ በዚህ ወር መኪና ሊገዛ ያሰበ ዘመድ ያለው ለእሱ ይላክለት።

የቤት ሥራ ነው። ሰኞ አያለሁ።